የማርሊስ ቁርጥ ማመልከቻ

እህቴ ማርሊስ መወሰን አትወድም። አትችልም አላልኩም፤ አትወድም። አይስክሬም ለመግዛት ስትሰለፍ ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁለት ሦስቴ ጉሮሮውን ያጸዳና ወደ ሌላው መስኮት ይሄዳል። የመጀመሪያ መኪናዋን ልትገዛ ስትመላለስ ያስተናግዳት የነበረው ሻጭ መሃል ላይ ሥራውን ለቀቀ። በእሷ ምክንያት ነው አልልም፤ በእሷ ምክንያት አይደለም ብዬም አልምልም። አዲስ ሻጭ ሲመጣ ማርሊስ ደስ ብሏት ከመጀመሪያው ጀመረች።

ይህ ከሞኝነት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ችግሯ የሁሉም ነገር ጥሩ ጎን ስለሚታያት ነው። ልጆች ሳለን እኔና እሷ ስንጣላ እናታችን ፊት ትቀርብና መጀመሪያ የራሷን ጉዳይ ትናገራለች። ቀጥላ «ኮሪንም ግን እውነት አላት» ትልና የእኔን ጉዳይ ከእኔ አሳምራ ታስረዳልኛለች። በዚህ የተነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀጣው እሷ ነበረች።

በሌላ ቤት ብትወለድ ምንም አልነበረም። የተወለደችው ግን ከሊሮይ ዚልኬ ነው። አባታችን እዚህ ሚልዋኪ ውስጥ ፍራሽ ሲሸጥ ነው ዕድሜውን የፈጀው። በዓለም ላይ አጥብቆ የሚጠላው ነገር ቢኖር ሱቁ ገብቶ፣ ሁሉም ፍራሽ ላይ ተራ በተራ ተጋድሞ፣ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። «ሰው ፍራሽ ላይ ጋደም ሲል ያውቀዋል፤ ካላወቀው የሚያስፈልገው ፍራሽ ሳይሆን ሐኪም ነው» ይላል። እናታችንን አርሊንን አግቢኝ ብሎ የጠየቃት በተገናኙ በሁለተኛው ቀን፣ ቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ፣ የተከራየውን ጫማ እንኳ ሳያወልቅ ነው። ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። የቀረውን የምትጨርሰው እናታችን ናት። «እምቢ አልኩት» ትላለች። ሁለት ዓመት አስጠብቃዋለች።

ማርሊስ ኮሌጅ እንደጨረሰች ኦግደን ፍሪች የሚባል የፍቺ ጠበቃ ዘንድ ተቀጠረች። ስልክ ታነሳለች፣ ወረቀት ታደራጃለች። ሕግ ልማር ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን እዚያው ተቀምጣ ለዓመታት አሰበችበት። በመጨረሻ የመግቢያ ፈተናውን «ለሙከራ ያህል» ብላ ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ ሚስተር ፍሪች ሁለቴ አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀና፣ «ማርሊስ፣ ከቢሮዬ ውጪልኝ። በክብር ነው የምልሽ» አላት።

ያ ደስታ ሳይበርድ ነው ጣጣው የመጣው።

ጣጣውን የሰማነው እሁድ ምሳ ላይ ነው። አባታችን ጥብሱን እየቆረጠ ሳለ ማርሊስ ሹካዋን አስቀምጣ ነገሩን ታስረዳን ጀመር። ከሁሉ አስበልጣ የምትመኘው ትምህርት ቤት ቺካጎ ያለው ሎንግሜር ነው። ሎንግሜር ደግሞ ሁለት ዓይነት ማመልከቻ ይቀበላል። አንደኛው የተለመደው ነው፤ ደስ ያለሽ ቦታ ሁሉ ታመለክቻለሽ፣ መልስ እስከ ፀደይ ትጠብቂያለሽ፣ ከተቀበሉሽ መካከል ትመርጫለሽ። ሁለተኛው ግን ቀድሞ ነው የሚገባው፤ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ። ቀድሞ የሚያመለክት ሰው ይፈርማል፦ ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ፣ ሌላ ቦታ ያስገባሁትንም አንስቼ፣ እናንተ ጋ እመጣለሁ። መልሱ በዲሴምበር ይደርሳል። ወደኋላ ማለት የለም።

«ጥቅሙስ ምንድን ነው?» አልኩ እኔ።

«የመግባት ዕድሌ ይጨምራል። የቆረጠ ሰው ይወዳሉ።»

«ጉዳቱስ?» አለች እናታችን።

«ከተቀበሉኝ በኋላ በክፍያው መደራደር የለም። የሰጡኝን ይዤ መግባት ነው። ሌላ ቦታ የተሻለ ሊሰጡኝ ይችሉ እንደነበር እንኳ አላውቅም።»

አባታችን ቢላውን አንስቶ እንደያዘ ቀረ። «እና የምታስቢው ምኑን ነው? ቦታውን ትፈልጊዋለሽ አይደል?»

«እፈልገዋለሁ።»

«ከሁሉ አብልጠሽ?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ብሎ ነገር ምንድን ነው? ቁርጡን ንገሪኝ!»

«አባዬ፣ ቁርጥ ቢኖረኝ ለምን እናንተን እጠይቃለሁ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የነገሩ ስም በእኛ ቤት «ቁርጡ» ሆነ።

«ሊሮይ፣ ልጅቷን አታጣድፋት» አለች እናታችን። የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ስምሪት የምታስተባብረው እሷ ናት፤ ሃምሳ ሾፌር የሚያዝ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። ወደ ማርሊስ ዞረች። «አንድን ሰው ‹ካንተ ሌላ የለኝም› ካልሽው፣ ምን ሲል ይቀንስልሻል?»

«እኔ እንደዚያ ነው ያልኩሽ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሲጋራውን ያቆምከው። ሞተር ብስክሌቱን የሸጥከው። ያንን ጢም የተላጨኸው። እኔ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ምን ተውኩልህ? ምንም።»

አባታችን ትንሽ አሰበና፣ «ጢሙ ያምርብኝ ነበር» አለ።

«አያምርብህም ነበር።»

ማርሊስ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ስታይ ቆየችና፣ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። በእኛ ቤት ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

በማግስቱ ምክር ፍለጋ ወደ ሚስተር ፍሪች ገባች። ደንበኞቹ የሚያለቅሱበት አንድ የቆዳ ወንበር አለው፤ እዚያ ላይ አስቀመጣት። ልማድ ሆኖበት የወረቀት መሃረቡንም ገፋ አደረገላት።

«እዚህ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ» አላት። «ሁሉም መውጫውን ሳያዩ የፈረሙ ናቸው። እኔ በዚህ ሥራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። መውጫ የሌለው ወረቀት ላይ አይፈረምም።»

«እርስዎ ግን አራት ጊዜ አግብተዋል» አለችው።

«ለዚህ ነዋ የማውቀው!»

«ታዲያ አልፈርም?»

ሚስተር ፍሪች በመስኮቱ አሻግሮ ሐይቁን ተመለከተና ድምፁ ለስለስ አለ። «አይፈረምም ነው ያልኩሽ። እኔማ ሁልጊዜ እፈርማለሁ። አምስተኛዋም እሺ ካለችኝ ጁን ላይ ነው።»

ማርሊስ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ግራ ገብቷት ነበር። «ፈርሚ ነው ያለኝ አትፈርሚ?»

«ለሠርጉ የጠራሽ ነው የሚመስለኝ» አልኳት።

እሷ እንዲህ ስትዋልል አባታችን ነገሩን አደባባይ አወጣው። ዓርብ ዓርብ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የዓሣ ጥብስ አለ፤ ሽርጥ አስሮ መጥበሻው ላይ የሚቆመው አባታችን ነው። ሰልፉ ረጅም ነው። እኔና ማርሊስ ስንደርስ ለእያንዳንዱ ሰው ሳህኑ ላይ ዓሣ እየጣለ እንዲህ ሲል ሰማነው፦ «ድንቹ በዚያ በኩል ነው፣ ዳቦው ከፊትህ ነው፣ ልጄ ቺካጎ ቁርጥ ታመልክት ወይስ አታመልክት?»

ግማሹ አዳራሽ ሐሳቡን አዘጋጅቶ ጠበቃት። አንዷ «አመልክቺ፣ ዕድል በር ላይ ቆማ አትቀርም» ትላታለች፤ ሌላው «ፈርመሽ እንዳትገኚ፣ የእኔ ወንድም ለስልክ ድርጅት ፈርሞ እስከዛሬ አልወጣም» ይላታል። ጆሯቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ እጇን ጨብጠው፣ «የቺካጎ ልጅ ልታገቢ ነው አሉ። የእነሱን የኳስ ቡድን የሚደግፍ ከሆነ አባትሽ እንዴት ፈቀደ?» አሏት።

ነገሩን ሥርዓት ያስያዘችው አክስታችን ሎሬታ ናት። ሎሬታ የአባታችን ታላቅ እህት ስትሆን በካውንቲው ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ሆና ነው ጡረታ የወጣችው። ጭልፋ አንስታ የድንቹን ትሪ መታችና፣ «ችሎት!» አለች። ሰው ሁሉ ሳያስበው ብድግ አለ።

«ዓሣችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ» አለች። «ታመልክት የሚል ወገን ማነው?»

«እኔ!» አለ አባታችን ከመጥበሻው።

«አንተ እዚያው ጥበስ። እስካሁን ያሳረርከው ይበቃል። ማርሊስ፣ ነይ፣ ራስሽ ተናገሪ።»

ማርሊስ መጀመሪያ አፍራ ነበር። ከዚያ ጀመረች። የሚፈልጉትን እያወቁ አላውቅም ማለት ፈሪነት ነው አለች። ሰው አንድ ቦታ መርጦ ሙሉ ልቡን ካልሰጠ ግማሽ ልቡን የትም ሲያንጠለጥል ይኖራል አለች። ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አባታችን ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ፤ በኋላ ዘይት ነው አለ።

«ተቃዋሚስ?» አለች ሎሬታ። እናታችን ልትነሳ ስትል፣ «አርሊን፣ አንቺ ወገንተኛ ነሽ፣ ተቀመጪ። ማርሊስ፣ ቀጥዪ።»

ማርሊስም ቀጠለች። ትምህርት ቤቱ ለእሷ ምንም ሳይፈርም እሷን ብቻ ለምን ያስፈርማታል? አንዱ ወገን ታስሮ ሌላው የሚፈታበት ውል ምን ዓይነት ውል ነው? ያጣደፈሽን ሁሉ ጠርጥሪ አለች። ጭብጨባው የበፊቱን አስናቀ። አሁን እናታችን ዓይኗን ጠረገች፤ እሷ አጠገብ ደግሞ ዘይት አልነበረም።

እጅ ሲወጣ ሕዝቡ እኩል ለእኩል ተከፈለ። ሁሉም ዞሮ ቄሱን አባ ክሌመንትን አየ። አባ ክሌመንት አፋቸው ሙሉ ነበር፤ እስኪውጡ አስጠበቁንና «እኔ የመጣሁት ለዓሣው ነው» አሉ።

«ተከራካሪዋ ራሷን ረትታለች፣ በራሷም ተረትታለች» አለች ሎሬታ። «ችሎቱ ተነስቷል። የተረፈ ዳቦ የሚፈልግ?»

ስንወጣ ግን በሩ ላይ የማርሊስን ክንድ ያዘች። «ለመሆኑ ትምህርት ቤቱን አይተሽዋል?»

«በኮምፒውተር አይቻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሌባ እንኳ ሲፈረድበት አምጥተው ያዩታል። ሂጂና እዪው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድን። እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አባታችን «ማን ይነዳላችኋል?» ብሎ ሱቁን ዘጋና መጣ። የነዳሁት እኔ ነኝ። ቺካጎ ያለችበትን የኢሊኖይን ድንበር ስናልፍ የእኛን የኳስ ቡድን ኮፍያ ከራሱ አውልቆ በክብር ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ እዚህ አፈር ላይ አላደርገውም አለ።

ሎንግሜር የጥርብ ድንጋይ ሕንጻ ነው፤ መግቢያው ላይ ለእንግዳ የሚሆኑ ሶፋዎች ተደርድረዋል። አባታችን በአንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው፣ ከዚያ እንግዳ ተቀባይዋን ጠርቶ «የኔ እመቤት፣ ይህን ማን ሸጠላችሁ? ስፖንጁ ሞቷል እኮ» አላት። እሷን እያስረዳ ሳለ ጥለነው ወደ ክፍል ገባን። ጎብኚዎች ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትምህርት ማዳመጥ ይፈቀድላቸዋል።

የውል ሕግ የምታስተምረው ፕሮፌሰር ታቢታ ዎርዝ ትባላለች። አጭር፣ ቀጭን ሴትዮ ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ባለ ቁጥር ተማሪዎቹ ይበልጥ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። እንዲህ አለች፦ አንድ ሰው ለጎረቤቱ «እስከ ቅዳሜ አጥሬን ከቀባህልኝ ጀልባዬን እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ጎረቤትየው ምንም ሳይናገር ቀለም ገዝቶ መቀባት ይጀምራል። ግማሹን ሲጨርስ ባለ ጀልባው ብቅ ይልና «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ይለዋል። ይችላል አይችልም?

ዓይኗን በክፍሉ ላይ አዞረችና ጣቷን ዘረጋች። «አንቺ። አረንጓዴ ሹራብ የለበስሽው።»

ማርሊስ ወደኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው።

«ግድግዳውን አልጠየቅኩም» አለች ፕሮፌሰሯ።

እኔ በክርኔ ነካኋት፤ እንግዳ ነኝ በይ ማለቴ ነበር። እሷ ግን ተናገሪ ያልኳት መስሏት ተነሳች። «ባለ ጀልባው መመለስ ይችላል ለማለት ይቻላል» አለች። «ጎረቤትየው እሺ አላለም። ቃል አልገባም። ማክሰኞ ዕለት ሰልችቶት ብሩሹን ቢጥል ማንም አይጠይቀውም። እሱ ካልታሰረ ያኛው ለምን ይታሰራል?»

«ጥሩ። ስለዚህ ይችላል።»

«ግን ደግሞ አይችልም ለማለትም ይቻላል። ሰውየው ጀልባውን አምኖ ቀለም ገዝቷል፣ ወገቡ ተቆርጧል። ባለ ጀልባውም በመስኮት እያየው ዝም ብሏል። አጥሩ እስኪያልቅ ጠብቆ መጨረሻ ላይ ቃሉን ቢያጥፍ ማንም የማንንም አጥር አይቀባም።»

«ይህም ጥሩ ነው። እና?»

«እና… ሁለቱም እውነት አላቸው።»

ፕሮፌሰር ዎርዝ ወደ እኛ ቀረበች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረው። «የሁለቱንም ወገን አሳምረሽ አስረድተሻል። ይህ የሥራው ግማሽ ነው። አሁን ግን ሰውየው ቀለም እንደተቀባ በርሽ ላይ ቆሟል። ቁርጡን ንገሪው።»

አባቴ የሆነ ቦታ የተደበቀ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማርሊስ አቀረቀረች። ልታለቅስ ነው ብዬ ስሰጋ ቀና አለች። «አይችልም» አለች። «ብሩሹ ቀለም ከነካ ጀምሮ ባለ ጀልባው ታስሯል። ቀቢው እስከ ቅዳሜ ሊጨርስ ዕድል ይሰጠዋል። ከጨረሰ ጀልባው የእሱ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።» ራሷም የደነገጠች መሰለች።

ፕሮፌሰሯ የተማሪዎቹን ዝርዝር አንስታ አገላበጠች። «ስምሽን ላገኘው አልቻልኩም።»

«እንግዳ ነኝ። ልጎበኝ ነው የመጣሁት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ለምን መለስሽ?» አለች ፕሮፌሰር ዎርዝ።

«ጠየቁኝ» አለች ማርሊስ።

ስንመለስ ማርሊስ ከጎኔ ተቀመጠች። አባታችን ኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ድንበሩን ካለፍን በኋላ፣ «ኮሪን፣ እምቢ ይሉኛል ብዬ አይደለም እኮ የምፈራው» አለችኝ ዝግ ብላ። «እሺ ይሉኛል ብዬ ነው። እሺ ካሉ መሄዴ ነው። እስካሁን ‹ሳይሆን አይቀርም› እያልኩ ነው የኖርኩት። ‹ሳይሆን አይቀርም› እያልሽ ማንንም ትተሽ አትሄጂም።»

«ቺካጎ እኮ አንድ ሰዓት ተኩል ነው» አለ አባታችን ዓይኑን ሳይገልጥ። ተኝቶ አልነበረም። «መንገዱ ከተጨናነቀ ሁለት።» አሳለ። «እኔ አጣድፍሻለሁ እንጂ፣ ብትቀሪም ደስ ይለኛል።»

«አባዬ፣ አሁን እኮ ጭራሽ አባባስከው!» አለችና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም መንዳቴን ትቼ ዳር ያዝኩ፤ እግረ መንገዳችንን አይብ ገዛን።

ቀኑ ሊያልፍ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ከቢሮዋ ደወለችልኝ። «ልኬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ቁርጡን ነዋ።»

«እንዴት? መቼ?»

«አሁን። አንዲት ደንበኛ ባሌ ውሻዬን ሊወስድብኝ ነው እያለች በስልክ ታለቅስ ነበር። ‹አንዴ ይጠብቁኝ› አልኳት፣ ፈረምኩ፣ ላክሁ፣ ተመልሼ አናገርኳት።»

«ውሻውስ?»

«የውሻው ነገር ገና ነው።»

አባታችን ወሬውን ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ያሉትን ደንበኞች አቀፈ። እናታችን «ከፈረመች ፈረመች፤ ኬክ እጋግራለሁ» አለች። የጋገረችው ኬክ መሃሉ ጎድጉዶ ወጣ። ሆን ብላ ነው የሚል የለም።

መልሱ የመጣው በዲሴምበር፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ለገና በዓል ሽያጭ ሁላችንም ሱቁ ውስጥ እናግዝ ነበር። ማርሊስ ስልኳ ሲጮህ አንድ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ ታነብ ጀመር። እኛም ከበብናት።

«ተቀበሉሽ?» አለ አባታችን።

«አይ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ከለከሉሽ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

«አልወሰኑም።» ስልኩን አንስታ አነበበችልን። ማመልከቻዋን በጥንቃቄ ተመልክተውታል፤ በጣምም ወደውታል፤ ሆኖም ከፀደይ አመልካቾች ጋር አብረው ደግመው ሊያዩት ይፈልጋሉ።

አባታችን ቀስ በቀስ ቀላ፤ መጀመሪያ አንገቱ፣ ከዚያ ጆሮው። «አስበንበት እንመለሳለን ነው የሚሉት?» ብሎ ጮኸ። «ልጄን ወር ሙሉ ቁም ስቅሏን አሳይተው፣ ፈርሚ ብለው፣ ቁርጥሽን ንገሪን ብለው፣ እነሱ አስበንበት እንመለሳለን!»

በስተጥጉ ባለው ፍራሽ ላይ የተጋደመ አንድ ደንበኛ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

ማርሊስ ራሷን በእጆቿ ያዘች። የምታለቅስ መስሎን ተንደርድረን ልናቅፋት ስንል ለካ ሳቅ ነው። ፍራሹ ላይ ወደኋላ ወድቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እንደኔ ናቸው እኮ!» አለች ትንፋሽ ስታገኝ። «ልክ እንደኔ ናቸው! አሁን ነው የተረዳኋችሁ፤ ከእኔ ጋር እንዴት ቻላችሁ?»

እናታችን ብቻ አልሳቀችም። «ፊርማውስ?» አለች።

«ወዲያውኑ ካልተቀበሉኝ አያስረኝም። ነፃ ነኝ።»

«ጥሩ» አለች እናታችን፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «አሁን ወደ ሥራችን።»

ማርሊስ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አመለከተች። የሚኒሶታው ተቀበላት፣ ጥሩ ድጋፍም ሰጣት። የከተማችንም እንዲሁ። ማርች ላይ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሎንግሜርም አስቦበት ተመለሰ፤ ተቀብለንሻል አለ፤ ስለ ክፍያ ግን እምብዛም አላነሳም።

እናታችን ማርሊስን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኩን ሰጠቻት፤ ራሷም ከጎኗ ተቀመጠች። «ሎንግሜር ደውዪ፣ የሚኒሶታውን ንገሪያቸው፣ ወደ እናንተ መምጣት እፈልጋለሁ በያቸው፣ ከዚያ ዝም በይ።»

«ዝም ብዬስ?»

«ዝም ማለት ነዋ። እኔ ሾፌሮቹን እንዴት የማስተዳድር ይመስልሻል?»

ማርሊስ ደወለች። የመግቢያ ቢሮው ሰውዬ ትሁት ነበር። የሚኒሶታውን ነገረችው፤ መምጣት እንደምትፈልግ ነገረችው፤ ዝም አለች። ሰውየውም ዝም አለ። ማርሊስ ያንን ዝምታ መቋቋም አቅቷት «እርግጥ የእናንተንም ችግር…» ልትል አፏን ስትከፍት እናታችን ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት።

«ሃሎ? ሚስ ዚልኬ፣ አሉ?» አለ ሰውየው።

«አለሁ» አለች ማርሊስ ጭኗን እያሸች።

«እ… አንድ ሰው አነጋግሬ ልደውልልዎት።»

በማግስቱ ደወለ። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክፍያ ችለውላታል።

የዚያን ዕለት እራት ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ እስከ ጎረቤት ተሰማ። «ቀድመሽ አመልክቺ ያልኩት እኔ ነኝ!» ይላል አባታችን። «ያኔ ባታመለክት ማን ያስታውሳት ነበር?» እናታችን ደግሞ፣ «ያኔ ቢቀበሏት ኖሮ ሳንቲም አይሰጧትም ነበር! ያስከፈልኳቸው እኔ ነኝ!» ትላለች። ሁለቱም ዞረው ወደ ማርሊስ አዩ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እንድትል ጠበቅን፤ እኔ እንዲያውም ጆሮዬን ልይዝ ነበር።

«የገባሁት ጎበዝ ስለሆንኩ ነው» አለች ማርሊስ፣ ድንቹን ወደ ራሷ እየሳበች።

አባታችን ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ እናታችን «ቅቤውን ስጫት» አለችኝ።

ኦገስት ላይ በአባታችን የፍራሽ መኪና ዕቃዋን ጭነን ወሰድናት። አልጋዋን ራሱ ዘረጋላት፤ ፍራሹን ሱቁ ውስጥ አንዴ ብቻ ጋደም ብላበት «ይህ ነው» ብላው ነበር፤ ሌላ አላስመረጠችውም። ስንለያይ አባታችን የመኪናውን ጎማ ደጋግሞ አየ።

በሳምንቱ ቤት ብሄድ እናታችን የማርሊስን ክፍል የልብስ ስፌት ክፍል አድርጋዋለች። ከሁለተኛ እጅ ሱቅ የገዛችው የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ እሷ ከፊቱ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«እማዬ፣ ስፌት ትችያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«አልችልም» አለች። «እማራለኋ። ነይ፣ ክሩ በየት በኩል እንደሚገባ እዪልኝ።»